አንጓች ያልተቀመጠችበት ፈተና

ባለፈው ወር ንፋስ መውጫ ላይ፣ ሰው ጢም ብሎ በሞላው አዳራሽ ውስጥ፣ አዲስ ጋቢ አለበሱኝ። ሁለት ወጣት መምህራን ግራና ቀኝ ይዘው ትከሻዬ ላይ ሲጥሉልኝ፣ ገና ውኃ ያልነካው የአዲስ ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሰው ያጨበጭባል። መድረክ መሪው በድምፅ ማጉያው «ከአካባቢያችን ሴቶች ቀድመው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ያጠናቀቁ እናታችን!» ይላል። እኔ ግን ልቤ እዚያ አልነበረም። ያ ሽታ ከአርባ ዓመት በፊት ወደነበረው የሐጂ እንድሪስ ሱቅ ደጃፍ ወስዶ አቁሞኛል፤ እጄ ላይ ለዩኒፎርሜ የገዛኋቸው አራት ሰማያዊ ቁልፎች አሉ፤ ሐጂም «እንኳን ደስ ያላችሁ» እያሉኝ ነው።

ወደ መድረኩ የወጣሁት ተለምኜ ነው። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንዲት ልጅ ደውላ «እትዬ ፈንታነሽ፣ ልጆቻችን ዘጠነኛ ይጀምራሉ፣ አሥራ ሁለተኛ ግን አይደርሱም። ከጀመሩት ስንቱ እንደሚጨርስ ቢያዩት ያሳፍራል። ወላጆችን ሰብስበናል፤ እርስዎ መጥተው ቢነግሯቸው ይሰማሉ» አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚጠራኝ ሰው ብዙም የለም። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ እሺ አልኩ። የመጀመሪያዋ ተብዬ መጠራቱ ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት። ይህንንም ዛሬ ሳልደብቅ ልጻፈው።

ያን ጊዜ ንፋስ መውጫ እንዲህ አልነበረችም። ባጃጅ የለ፣ ፎቅ የለ። ቻይናዎቹ መንገዱን ሠርተው ከሄዱ ብዙ አልቆየም፤ የጭነት መኪና ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል፣ ሰውም ሥራውን ትቶ እስኪያልፍ ድረስ ያየዋል። ንፋሱ ግን ያው የዛሬው ንፋስ ነው፤ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ልንሰቅል ስንሰለፍ ቀሚሳችንን በሁለት እጃችን ይዘን ነበር የምንዘምረው። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ገና ጎህ ሲቀድ የሰልፍ ዘፈን ይለቅብን ነበር፤ አንዳንዱን ዘፈን ዛሬም ልብስ ሳጥብ ሳላውቀው አንጎራጉረዋለሁ። ስኳር በራሽን ነው። የኮንጎ ጫማ በሁለት ብር ከምናምን ይገኛል፤ ጸሐይ ላይ ሲውል እግር ያቃጥላል፣ ብርድ ላይ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። አንድ ጠርሙስ ላምባ ሽልንግ ነበር መሰለኝ። ደብተር ባለ ሃምሳ ሉኩን ገዝተን ከፊትም ከኋላም እንጽፍበታለን። ሻይ ቤት የሚገባው የመምህር ልጅ ወይም የነጋዴ ልጅ ነው፤ እኛ በደጁ ስናልፍ የአምባሻው ሽታ ይበቃናል። ከገበያው በላይ፣ ወደ መኪናው መንገድ በሚያወጣው ጥግ ላይ የሐጂ እንድሪስ የጨርቅ ሱቅ ነበር። ጠባብ ናት፤ ከወለል እስከ ጣሪያ አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ቴትሮን፣ አበባ የፈሰሰበት የቀሚስ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተደርድሯል። ሐጂ ጨርቅ የሚለኩት ባንኮኒው ጠርዝ ላይ በተቸነከረ የብረት ሜትር ነው። ለተማሪ ሲለኩ ሁልጊዜ አንድ ጣት ያህል አስተርፈው ነበር የሚቆርጡት።

እኔና አንጓች የጎረቤት መንደር ልጆች ነን፤ አገራችን ከታች ጋይንት ወዲያ፣ ወደ ሲማዳ ድንበር ነው። ጠዋት የተነሣ ሰው ንፋስ መውጫ የሚደርሰው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ከተማው ውስጥ አንዲት ክፍል በወር በሦስት ብር ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። ስንቃችን፣ ድርቆሹም በሶውም ሽሮውም፣ በገበያተኛ አህያ ይመጣልናል፤ የእሷ ሲያልቅ የእኔን፣ የእኔ ሲያልቅ የእሷን እንበላለን። አንጓች ረዥም፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ስትሄድ እንኳ ከንፈሯ የሚንቀሳቀስ ልጅ ነበረች፤ ሒሳብ በቃሏ እየሠራች ነው የምትሄደው። ደብተር ለመቆጠብ በከሰል ግድግዳው ላይ ትሠራለች። አከራያችን መነኩሲት ነበሩ፤ አንድ ቀን ገብተው ያን ሁሉ ቁጥርና መስመር ሲያዩ አማትበው «ልጆቼ፣ ይህ የምን አስማት ነው?» አሉን። አንጓች ሳቀችና «እማሆይ፣ ይሄማ የፈንቴ ማለፊያ ነው፤ እስኪገባት ድረስ አይጠፋም» አለቻቸው። እውነቷን ነበር። ሒሳብ የሚገባኝ እሷ ካስረዳችኝ በኋላ ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ አንደኛ ናት፤ እኔ ከመሀል ነኝ። መምህራኑ «አንጓችና ያቺ ጓደኛዋ» ነበር የሚሉን። «ያቺ ጓደኛዋ» እኔ ነኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ሴቶቹ ሦስት አግዳሚ ወንበር ሞልተን ነበር። አንዷ በጥር አገባች። አንዷ ስንቅ የሚያደርስላት አጥታ ተመለሰች። አንዷን ከገበያ ስትመለስ ጠለፏት። አንዷ ታመመች ተባለና እንደወጣች ቀረች። ወንዶቹም እንዲሁ፤ አንዱ አባቱ ሞቶ ሞፈር ጨበጠ፣ ሌላው ለውትድርና ተወሰደ። በየመስከረሙ ስም ሲጠራ «አቤት» የሚል የሚታጣለት ስም ይበዛል፤ መምህሩ ጥቂት ይጠብቁና በቀይ እስክሪብቶ መስመር አስምረውበት ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንደርስ ከሴት የቀረነው ሁለት ነን። ዲሬክተራችን አንድ ነገር ደጋግመው ይሉን ነበር፤ «ለእናንተ አገር መምህርም ሐኪምም የሚሆነው ከመካከላችሁ የጨረሰ ነው። ከሩቅ የሚመጣው ሻንጣውን ሳይፈታ ዝውውር ይጠይቃል።» እውነት ነው፤ መንደራችን ሦስት መምህራን መጥተው ሦስቱም ዓመት ሳይሞላቸው ሄደዋል። በዚያ ዓመት ደግሞ፣ ከአካባቢው አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች አንዲት ሴት ተመርጣ ለመምህርነት ሥልጠና ትላካለች የሚል ነገር ተሰማ። አንዲት። ማን እንደምትሆን ማንም አልጠየቀም፤ የሒሳብ መምህራችን አንጓችን «የወደፊቷ መምህርት» እያሉ ይጠሯት ጀመር። እኔ አብሬ እስቅ ነበር። ሆዴ ግን አይስቅም።

ፋሲካ አልፎ በቅዳሜ ገበያ ቁልፍ ልገዛ ወደ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ለፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የመፈተኛ ካርዳችንንም ተቀብለናል። ሐጂ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ!» አሉኝ።

«ለምኑ ነው ሐጂ?»

«የአንጓች አባት የሙሽራ ልብስ ከእኔ ወሰዱ እኮ። የሚያምር ነው፤ ነጭ ቴትሮን። ሰርጉ በሚቀጥለው ሳምንት ነው አሉኝ።»

«የማን ሰርግ?» አልኩ፤ ማን እንደሆነች ገብቶኝ ሳለ።

ፊታቸው ተለወጠ። እጃቸውን ባንኮኒው ላይ አሳረፉ። «አታውቅም ማለት ነው? ለፈተናዋ ስንት ቀን ቀራት?»

«ሦስት ሳምንት።»

«ልጄ፣ አሁኑኑ ሄደሽ ንገሪያት። እኔ የሰው ቤት ነገር ውስጥ ገብቼ አላውቅም፤ አንቺ ግን እህቷ ነሽ። ለዲሬክተሩም ንገሪ። እሳቸው መላ አያጡም።»

«እነግራታለሁ» አልኳቸው።

ቤት ስደርስ አንጓች ደጃፍ ላይ የእኔንም የራሷንም ዩኒፎርም እያጠበች ነበር። «ቁልፉን አገኘሽ? አምጪ፣ ሲደርቅ እኔ እተክልልሻለሁ፤ አንቺ ያን ጥያቄ ጨርሺ» አለችኝ። አፌ ላይ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከሰዓት እነግራታለሁ አልኩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እነግራታለሁ አልኩ። ሰኞ የዲሬክተሩ ቢሮ በር ላይ ቆሜ፣ ከውስጥ የታይፑን ድምፅ ሰምቼ ተመለስኩ። ፈርቼ ነው እንዳልል የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም። ያለፈው ዓመት እኒሁ ዲሬክተር የአንዲት አሥረኛ ክፍል ልጅ ሰርግ ሰምተው፣ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ይዘው በበቅሎ ሄደው ልጅቱን መልሰዋታል፤ ይህን ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ታዲያ ምን ያዘኝ? ሰው ሲጠይቀኝ አይደለም፣ ራሴን ስጠይቅ እንኳ ቶሎ የማልመልሰው ይህን ነው። ከእሷ ኋላ መሄድ ሰልችቶኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያቺ ተመርጣ የምትላከው አንዲት ሴት እኔ ብሆን ብዬ ነበር። እንድትጎዳ አልፈለግሁም፤ እንድትቀርልኝ ነው የፈለግሁት። ልዩነቱ ያን ጊዜ ትልቅ ይመስለኝ ነበር።

ማክሰኞ ለምሳ ቤት እንደገባን አባቷ አያ ተገኘ፣ መንገድ ላይ አድረው፣ በቅሎ እየሳቡ መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ስንቅ ሲያመጡ ለእኔም ማር በቅል ይይዙልኝ ነበር። ያን ቀን ግን አልተቀመጡም።

«እናትሽ ተኝታለች» አሏት፣ ዐይናቸውን መሬት ላይ ጥለው። «ስምሽን ነው የምትጠራው።»

አንጓች ድርቆሽ የያዘ እጇ መንገድ ላይ ቀረ። «ምን ነካት?»

«እንጃ ልጄ። ውጋት ነው።»

«ፈተናዬ ደርሷል እኮ አባባ።»

«ለሦስት ቀን ነው። ራሴ መልሼ አመጣሻለሁ።»

ወደ እኔ ዞረች። «ፈንቴ፣ ምን ይሻለኛል?»

አያ ተገኘ ቀና ብለው አዩኝ። የማውቅ እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልጉ ይመስል ነበር። ዝም ብል እንኳ ምናልባት ትጠረጥር ነበር፤ ነገር ይገባት ነበርና። እኔ ግን ዝም አላልኩም።

«ሂጂ» አልኳት። «እናት አይደለችም እንዴ? ቶሎ ትመለሻለሽ።»

እያለቀሰች ነጠላዋን አደገደገች። የመፈተኛ ካርዷን ከደብተሯ መሀል አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች፤ «እዚያ ጭቃ ይነካብኛል፣ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ» ብላ። በቅሎዋ ላይ አልወጣም አለች፤ ፈጥኜ እሄዳለሁ ብላ በእግሯ ቀደመቻቸው። ጥጉን እስክትታጠፍ ቆሜ አየኋት።

ሳምንት ሳይሞላ የሰርጉ ወሬ በገበያተኛ መጣ። ዲሬክተሩ ራሳቸውን ይዘው «ምነው አንድ ሰው ቀድሞ በነገረኝ!» ሲሉ በበሩ በኩል ሰማኋቸው። ያን ዕለት ከቢሯቸው ፊት ለፊት ሳልሆን በቀረሁ። የሒሳብ መምህራችን ጠርተው «ምንም የሰማሽው ነገር አልነበረም?» ሲሉኝ «አልነበረም፤ እናቷ ታመመች ነው የተባለው» አልኩ። ካርዷን ለእሳቸው ሰጥቼ ወጣሁ። የፈተናው ሳምንት ቁጥሯ የተለጠፈበት ወንበር ከእኔ ፊት ባዶውን ዋለ። ፈታኙ በየጠዋቱ ቁጥሩን ይጠራሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይጽፋሉ። እኔ እንደምንም የሚያሳልፍ ነጥብ አገኘሁ። ለሥልጠናውም ከአካባቢው ያለሁት ሴት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ተላክሁ።

መምህርት ሆኜ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ተመደብኩና ዕድሜዬን እዚያው ጨረስኩ። በሥራዬ አልታማም፤ ልጆቹን ወድጄ ነው ያስተማርኩት፤ ሴት ልጅ ከቀረችብኝ እስከ ቤቷ እሄድ ነበር። ባልደረቦቼ ትጋቴን ያደንቁ ነበር፤ ከምን እንደመጣ አያውቁም። አንድ ክረምት ለተማሪ ምዝገባ ወደ አገራችን ላኩን። በአንጓች መንደር አንድ አዛውንት ልጃቸውን አላስመዘግብም አሉ። «አንጓች እዚያ ድረስ ተምራ ምን አመጣች? ያን ሁሉ ዓመት ስንቅ ሲጫንላት ኖሮ ይኸው ከማንም ጋር እንጨት ትለቅማለች» አሉኝ። አጠገባቸው የነበሩት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መንደር ለብዙ ዓመት አንዲት ሴት ልጅ ዘጠነኛ ክፍል አልገባችም። አንጓች ብትጨርስ ኖሮ ታናናሾቿ ይከተሏት ነበር፤ መንደሩም ሻንጣውን የሚፈታ መምህር ያገኝ ነበር። ከበሩ ላይ የተመለሰችው ግን ለአባቶች ሁሉ ምክንያት ሆነች። እኔ የዘጋሁት የአንዲት ልጅ መንገድ ብቻ መስሎኝ ነበር። ያን ቀን የአንጓች ቤት ከዚያ ኮረብታ ወዲያ ነው ሲሉኝ፣ ዝናብ መጣ ብዬ ሳልሄድ ተመለስኩ። ዝናብ አልነበረም።

ሐጂ እንድሪስንም አንድ ጊዜ አገኘኋቸው፤ ሥልጠናዬን ጨርሼ የመጀመሪያ ደመወዜን ይዤ ቀሚስ ልገዛ ገባሁ። አወቁኝ። «ያን ጊዜ ነገርሻት?» አሉኝ፣ ጨርቁን እየዘረጉ። «ሳልደርስባት ወስደዋት ነበር» አልኩ። ጨርቁን ከብረቱ ሜትር እኩል፣ ልክ በልክ ቆረጡልኝ። ከዚያ በኋላ ወደዚያች ሱቅ አልሄድኩም፤ ዛሬ ቦታው ላይ የሞባይል መሸጫ ቆሟል።

ታዲያ ባለፈው ወር በዚያ መድረክ ላይ፣ ይህን ሁሉ የማውቀው እኔ፣ ማይክ ጨብጬ ምን አልኩ? «በእኛ ጊዜ ከሴት አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ» አልኩ። «ጽናት ይጠይቃል» አልኩ። «ልጆቻችሁን ከፈተና በፊት ከትምህርት ቤት አታስቀሯቸው» አልኩ፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። ሰው አጨበጨበ። ጋቢው የተጣለልኝ ከዚህ በኋላ ነው።

ከአዳራሹ ወጥቼ ግቢው ውስጥ የጽድ ዛፍ ሥር መኪና ስጠብቅ፣ ከወላጆቹ መካከል አንዲት ረዥም ሴትዮ ነጠላዋን እየሰበሰበች ወደ እኔ መጣች። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ክንዷን ይዛታለች። ስትስቅ የጥርሷን ፍንጭት አየሁ።

«ፈንቴ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጉንጬን ሳመችው፣ ደግማ ደጋግማ። «እንደምን ተናገርሽ! ከኋላ ሆኜ ሳለቅስ ነበር እኮ።» ወደ ልጅቱ ዞረች። «የልጅ ልጄ ናት፤ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ናት። ይኸውልሽ ልጄ፣ ስነግርሽ የኖርኩት ጓደኛዬ ይህች ናት። ያን ጊዜ ብታውቅ ኖሮ በቅሎዋን ይዛ ታስቀረኝ ነበር።»

ልጅቱ ጎንበስ ብላ ጨበጠችኝ። ጓደኞቿ ሲጠሯት ወደ እነሱ ሄደች። እኔና አንጓች ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ስለ ልጆቿ ነገረችኝ፣ ስለ ባሏ፣ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ደግ ሰው ነበር አለች። እኔ የምትለውን እየሰማሁ አልነበረም።

«አንጓች» አልኳት፣ «አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ሰርጉን። ሐጂ እንድሪስ ነግረውኝ ነበር። ቅዳሜ ዕለት። አባትሽ ከመምጣታቸው በፊት።»

ፊቷ ላይ ሳቁ ወዲያው አልጠፋም፤ የሚሄድበት እንዳጣ እንግዳ ጥቂት ቆየ። «ሂጂ ስትይኝም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

የነጠላዋን ዘርፍ መፍተል ጀመረች። ልጆች በፊታችን እየተሯሯጡ አለፉ።

«መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት» አለች በኋላ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር። «እደርስላት ይሆን፣ ትሞትብኝ ይሆን እያልኩ። ስደርስ እናቴ በር ላይ በእግሯ ቆማለች። ደስ አለኝ እኮ፣ ፈንቴ። መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። ቆማ ሳያት።»

ይቅርታ ልላት ነበር፤ የቃሉን ትንሽነት አይቼ ተውኩት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ሒሳቡ ምን ነበር?»

«የቱ ሒሳብ?»

«የፈተናው። ምን ጠየቁ?»

«ከባድ አልነበረም» አልኩ እየተርበተበትኩ፤ «አንቺ ብትሆኚማ…»

«እሱን አይደለም። ጥያቄውን ነው። አንዱን ብቻ ንገሪኝ። እህል ሳበጥርም፣ ልጅ ሳጠባም፣ ምን ጠይቀዋቸው ይሆን እያልኩ ኖሬያለሁ። እኔው አወጣና እኔው እሠራዋለሁ። ትክክለኛውን አንድ ቀን ከአንቺ እሰማለሁ እል ነበር።»

ዐይኔን ጨፍኜ ፈለግሁ። የፈታኙ ቡናማ ኮት መጣልኝ። ቆርቆሮው በንፋስ ሲንኳኳ መጣልኝ። ፊት ለፊቴ የነበረው ባዶ ወንበር፣ የተለጠፈው ቁጥር፣ ጫፉ የተላጠው ሙጫ ሳይቀር መጣልኝ። ጥያቄ ግን አንድም አልመጣም።

«አላስታውስም» አልኳት።

«አንዱንም?»

«አንዱንም።»

ድንጋዩን ተደግፋ ተነሣች፤ የልጅ ልጇን በስሟ ጠራቻት። ልጅቱ እየሮጠች መጥታ ክንዷን ያዘችላት። ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ቆመች፤ ሳትዞር ነው የተናገረችው።

«እኔ ብሆን አልረሳውም ነበር» አለች።